ከብቱ ሲጫን ሰው እንዳይወድቅ፦ የፎርክሊፍትና የመጫኛ ቦታ አደጋ ለነጋዴው ስንት ያስከፍላል?

የቁም እንስሳት ነጋዴ ስለ ኪሳራ ሲያወራ የሚያነሳው የሞተ በሬን፣ የተዘጋ ድንበርን ወይም በአንድ ሳምንት የወረደ ዋጋን ነው። በመኖ መጋዘን በር ላይ እግሩ በፎርክሊፍት ጎማ ስር የገባ ጫኝ፣ ወይም መወጣጫው ላይ በሬ ገፍቶት የወደቀ ረዳት ግን በሂሳብ ደብተሩ ውስጥ መስመር የለውም። «የእግዜር ነገር ነው» ይባልና ለሕክምና መዋጮ ይሰበሰባል፤ ጭነቱም ይቀጥላል። ጉዳቱን የሚሸከሙት ሠራተኛውና ቤተሰቡ ናቸው። ነጋዴውም ሳያውቀው ይከፍላል፤ በሕግ ከተጠየቀ ደግሞ አውቆ ይከፍላል።

ይህ ትምህርት ሦስት ነገሮችን ያስረዳል። አንደኛ፣ አደጋው የሚደርስበትን መንገድ። ሁለተኛ፣ አደጋ ሲደርስ በሕግና በገንዘብ የሚመጣውን። ሦስተኛ፣ በአነስተኛ ወጪ ሊደረግ የሚችለውን። በስሌቱ ውስጥ ያሉት የብር መጠኖች ለማስረጃ የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ቁጥር ተክቶ ማስላት ይችላል።

1. አደጋው የሚጠብቀን የት ነው?

ከገበያ እስከ ወደብ ባለው መንገድ ሰው የሚጎዳባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው የመኖ መጋዘን ነው። ድርቆሽ፣ ፍሩሽካና ፋጉሎ በብዛት የሚገቡባቸው የማደለቢያ ጣቢያዎችና ኳራንቲኖች ፎርክሊፍት መጠቀም ለምደዋል። ሁለተኛው የከብት መጫኛና ማራገፊያ መወጣጫ ነው። ሦስተኛው የመኪናው ጀርባ ነው፤ ረዳቱ በብረቱ ላይ ቆሞ፣ ወይም ከከብቶቹ መሐል ገብቶ የሚሠራበት። አራተኛው በሞጆና በቢሾፍቱ እንዳሉት ባሉ የኤክስፖርት ቄራዎች ማቀዝቀዣና ጭነት ክፍል ነው።

ወቅትም አለው። ከአረፋ በፊት ባሉት ሳምንታት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሄደው ጭነት ይበዛል። መርከቡ የሚነሳበት ቀን የተቆረጠ ስለሆነ ሥራው በሌሊት ይሠራል፤ አዲስ ሰው በችኮላ ይቀጠራል፤ ያላረፈ ሰው ማሽን ላይ ይወጣል። በዓሉ የሚውለው በእስልምና የጨረቃ አቆጣጠር ስለሆነ በየዓመቱ ከ10 እስከ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ይመጣል። ስለዚህ የጥድፊያው ወቅት አንድ ዘመን በበጋ፣ ሌላ ዘመን በዝናብ ይውላል። በደረቅ ሜዳ የተለማመደ ሠራተኛ በጭቃ ሲሠራ ሥራው ያው አይደለም።

2. ፎርክሊፍት ለምን ይገለበጣል?

በፎርክሊፍት ከሚደርሰው የሞት አደጋ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው መገልበጥ ነው። ከእሱ ቀጥሎ በእግር ያለ ሰው መገጨት ወይም በማሽኑና በግድግዳ መሐል መጣበቅ ይመጣል። ምክንያቱን ለመረዳት ማሽኑን እንደ ሚዛን እንየው።

የፊት ጎማው የሚዛኑ መሐል ነው። በአንድ በኩል በሹካው ላይ ያለው ጭነት አለ፤ በሌላው በኩል ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ከባድ ብረትና የማሽኑ አካል አለ። 2.5 ቶን የሚያነሳ የተለመደ ፎርክሊፍት ራሱ ከ3.5 እስከ 4 ቶን ገደማ ይመዝናል። ማለትም ከአንድ ትንሽ የቤት አውቶሞቢል ሦስት እጥፍ ያህል ነው። «ትንሽ ስለሆነ ይቆማል» ብሎ ከፊቱ የሚያልፍ ሰው ይህንን ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ አቅም ሰሌዳው እንምጣ። ሰሌዳው «2,500 ኪሎ በ500 ሚሊ ሜትር» ብሎ ይጽፋል። ትርጉሙ የጭነቱ ክብደት ማዕከል ከሹካው ፊት በ50 ሴንቲ ሜትር ላይ እስከሆነ ድረስ 2,500 ኪሎ ያነሳል ማለት ነው። ጭነቱ ወደ ፊት በራቀ ቁጥር አቅሙ ይወርዳል። ከፊት ጎማው እስከ ሹካው ፊት ያለው ርቀት 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ማሽን እንውሰድ።

— ማዕከሉ በ50 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፦ 2,500 ኪሎ።
— ማዕከሉ በ60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፦ 2,500 × 95 ÷ 105 = 2,260 ኪሎ ገደማ።
— ማዕከሉ በ70 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፦ 2,500 × 95 ÷ 115 = 2,065 ኪሎ ገደማ።

50 ኪሎ የሚመዝኑ 50 ጆንያዎች በአንድ ፓሌት ላይ ቢደረደሩ 2,500 ኪሎ ይሆናሉ። ኦፕሬተሩ ሰሌዳውን አይቶ «ልክ ነው» ይላል። ነገር ግን ፓሌቱ 1.2 ሜትር ርዝመት ካለውና ሹካው በርዝመቱ ከገባ ማዕከሉ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ማሽኑም ከአቅሙ 240 ኪሎ በላይ ተሸክሟል። በዚያ ላይ የፓሌቱ ክብደት አለ። የኋላ ጎማው መሬቱን በደንብ ስለማይጫን መሪው ይቀላል። ፎርክሊፍት የሚታጠፈው በኋላ ጎማው ስለሆነ፣ መሪው የቀለለ ማሽን ወደፈለጉት አይሄድም። ስሌቱ ግምት ነው፤ የመጨረሻው ቃል የአምራቹ ሰሌዳ ነው። ጭነቱ ከፍ ብሎ ሲነሳ ደግሞ አቅሙ ከዚህም ይቀንሳል።

በእኛ ሥራ ውስጥ ከሌላ መጋዘን የተለዩ አራት ልማዶች አሉ።

ሀ. ተኝቶ አልነሳ ያለን በሬ በሹካ ማንሳት። ጆንያ ባለበት ይቆያል፤ በሬ ግን ይንፈራገጣል። አንድ ጊዜ ሲወራጭ የክብደቱ ማዕከል ይዘልላል፤ ማሽኑ ሊገለበጥ፣ ከአጠገቡ ያለው ሰው ሊደፈጠጥ ይችላል። እንስሳውም በሹካው ይጎዳል፤ ዋጋውን ያጣል። የወደቀ እንስሳ ሰፊ ሸራ ወይም ጣውላ ላይ ተንከባሎ በቀስታ ይጎተታል፤ ከዚያ የእንስሳት ሐኪም ይወስናል።

ለ. ሰውን በሹካ ላይ አቁሞ የድርቆሽ ክምር ላይ ማውጣት። ሹካው መድረክ አይደለም። መያዣ የለውም፤ ኦፕሬተሩ በስህተት ማንሻውን ከነካ ሰውዬው ይወድቃል። ወደ ክምር የሚወጣ ሰው መሰላል ይፈልጋል።

ሐ. በጠጠርና በጭቃ ሜዳ መንዳት። ለመጋዘን ሲሚንቶ ወለል የተሠራ፣ ትናንሽ ጠንካራ ጎማ ያለው ማሽን በኳራንቲን ግቢ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ጎማው ሲገባ ወደ ጎን ይዘነበላል። ወይ ማሽኑ ከመጋዘኑ አይወጣም፣ ወይ መሄጃው ይስተካከላል።

መ. በተዘጋ መጋዘን በናፍጣ ወይም በጋዝ የሚሠራ ማሽን ማቆየት። ጭሱ ውስጥ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በበርካታ ሠራተኞች ላይ በአንድ ጊዜ ከታየ «ሙቀቱ ነው» ሳይባል በሩ ይከፈት፤ ሰው ይውጣ።

ማሽኑ ሲገለበጥ ሰውን የሚገድለው ብዙ ጊዜ መዝለሉ ነው። የተቀመጠ ኦፕሬተር ሲዘል የላይኛው ብረት ከላዩ ይወድቅበታል። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ቀበቶ ይታሰራል፤ ማሽኑ መዘንበል ከጀመረ ኦፕሬተሩ መሪውን አጥብቆ ይይዛል፣ እግሩን ወለሉ ላይ ያጸናል፣ ሰውነቱን ከሚወድቅበት ጎን በተቃራኒ ያዘነብላል፤ አይዘልም። ጭነት ይዞ ሲሄድ ሹካው ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል። በዳገት ጭነቱ ሁልጊዜ ወደ ላይኛው በኩል ይሁን፤ ሲወጣ ወደ ፊት፣ ሲወርድ ወደ ኋላ ይነዳል። ዳገት ላይ መታጠፍ የለም።

3. ሰውና ማሽን በአንድ በር

ከመገልበጥ ቀጥሎ የሚያሰጋው ጫኞችና ማሽኑ በአንድ በር ሲጋፉ ነው። ኦፕሬተሩ በሹካው ላይ የተቆለለ ድርቆሽ ካለ ከፊቱ ምንም አያይም። ስለዚህ ጭነቱ እይታን ሲጋርድ ወደ ኋላ ይነዳ። ለሰው መሄጃ መስመር በቀለም ይሠመር፤ ቀለም ከሌለ በድንጋይ ይለይ። በር ላይ ሁልጊዜ ጥሩንባ ይነፋ። ማሽኑ ከመኪና ጀርባ ላይ ሲሠራ የመኪናው ጎማ በታኮ ይያዝ፤ ቁልፉ ከሹፌሩ እጅ ወጥቶ በጭነት ተቆጣጣሪው እጅ ይሁን። ሹፌሩ «አልቋል» መስሎት ሲነሳ ፎርክሊፍቱ ከነሰውየው መሬት ይወርዳል።

ፎርክሊፍት የሚያስፈራ ስለሆነ ሁሉም በሰው ትከሻ ይሁን ማለት ግን አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1967 እንደ አውሮፓውያን ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 128 አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ ሊሸከም የሚገባው ከፍተኛ ክብደት 55 ኪሎ ነው። በእኛ ገበያ ግን ሙሉ ኩንታል፣ ማለትም 100 ኪሎ፣ በአንድ ሰው ጀርባ ሲጫን ማየት የተለመደ ነው። የዚህ ጉዳት በአንድ ቀን አይታይም፤ በአርባ ዓመቱ ወገቡ የማይታጠፍለት ጫኝ ይሆናል። መኖ ሲገዙ በ50 ኪሎ ጆንያ እንዲታሸግ መጠየቅ ወጪው ትንሽ ነው። በደንብ የተያዘ ማሽን የሰውን ወገብ ያድናል፤ በግዴለሽ የተያዘው ደግሞ ሕይወቱን ይወስዳል።

4. በሬውም ማሽን ነው

350 ኪሎ የሚመዝን በሬ ፍሬን የለውም። ነገር ግን የሚነዳበት ሕግ አለው። ከብት ዓይኑ በጎንና በጎን ስለሆነ ዙሪያውን አብዛኛውን ያያል፤ በቀጥታ ከኋላው ያለውን ግን አያይም። ከማይታየው ቦታ የሚመጣ ሰው ይረገጣል። የሚዛን ነጥቡ ትከሻው ነው፦ ሰው ከትከሻው ኋላ ሲቆም ወደ ፊት ይሄዳል፣ ከትከሻው ፊት ሲቆም ወደ ኋላ ይላል። ይህንን የሚያውቅ ነጂ ዱላ ብዙም አይፈልግም። በዱላ የተደናገጠ በሬ ግን ወደ ኋላ ዞሮ በመወጣጫው ላይ ያለውን ሰው ይዞ ይወርዳል።

ከብት ከጨለማ ወደ ብርሃን መሄድ ይቀልለዋል፤ የሚያብረቀርቅ ነገር፣ የተንጠለጠለ ጨርቅ፣ ድንገተኛ የብረት ድምፅ ያስቆመዋል። ስለዚህ በመወጣጫው አጠገብ ከብት እየተጫነ ፎርክሊፍት አይሠራም። ጥሩንባውና የሹካው ድምፅ ከብቱን ያስበረግጋሉ፤ የበረገገ ከብትም ሰዎችን ወደ ማሽኑ መንገድ ይገፋል። ሁለቱ ሥራዎች በሰዓት ይለዩ።

መወጣጫው ራሱ ብዙ ይናገራል። በእንስሳት አያያዝ ላይ በሰፊው የጻፈችው አሜሪካዊቷ ምሁር ቴምፕል ግራንዲን ለቋሚ መወጣጫ ከ20 ዲግሪ ያልበለጠ ዳገት ትመክራለች። የመኪናው ወለል ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍ ካለ መወጣጫው በመሬት ላይ ቢያንስ 3.3 ሜትር መርዘም አለበት ማለት ነው። አጭር መወጣጫ ቀጥ ይላል፤ ከብቱ ይንሸራተታል፤ ከኋላ የሚገፋው ሰው ከስሩ ይገኛል። ሲሚንቶ ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያላቸው ደረጃዎች፣ እንጨት ከሆነ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ የተመታ ዘንግ መንሸራተትን ይቀንሳል። መወጣጫው ከመኪናው ጋር ሲገጥም ክፍተት አይኑር፤ የከብትም የሰውም እግር የሚሰበረው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው።

ሌሎች ሦስት ልማዶች ይቁሙ። የመጎተቻ ገመድ በእጅ ላይ አይጠቀለል፤ በሬው ሲፈናጠር ጣት ይዞ ይሄዳል። እጅ በብረቱ መሐል ገብቶ ጅራት አይጠመዘዝ፤ በሬው ሲንቀሳቀስ ክንድ ይሰበራል። መኪናው እየሄደ ረዳት ከከብቶቹ መሐል አይግባ፤ የወደቀ ከብት ለማንሳት መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሌላ ሰው እያየ ይሁን። የግመል ነጋዴዎች ደግሞ የሚያውቁት ነገር አለ፦ ግመል ወደ ፊትም ወደ ጎንም ይራገጣል፣ ይነክሳልም፤ ወንዱ ለጥቂ በሚነሳበት ወቅት ከሌላው ጊዜ ይልቅ አደገኛ ነው።

5. ሕጉ ምን ይላል?

በኢትዮጵያ የሥራ ላይ ጉዳት የሚመራው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ነጋዴው ሊይዛቸው የሚገቡት ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። «እኔ አልገፋሁትም» መከላከያ አይሆንም። ኃላፊነቱ የሚቀረው ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ጉዳት ሲያደርስ ነው። አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስና ሰውነትን ወይም አእምሮን መቆጣጠር በማይቻልበት የስካር ሁኔታ ሥራ ላይ መገኘትም እንደዚያው ይቆጠራሉ። ልብ በሉ፦ መመሪያውን ያልሰጠ አሠሪ «መመሪያዬን ጣሰ» ማለት አይችልም። ስለዚህ መመሪያው ይጻፍ፣ በሠራተኛው ቋንቋ ይነበብ፣ ይፈረም።

ሁለተኛ፣ ጉዳቱ ከሥራ ቦታው ውጭ ቢደርስም አሠሪው ባዘዘው ሥራ ላይ ከሆነ የሥራ ጉዳት ነው። በአሠሪው መጓጓዣ ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ የተጎዳም እንዲሁ። ከብት አጅቦ ወደ ጋላፊ ወይም ወደ ሞያሌ የሚጓዝ ረዳት በዚህ ውስጥ ይገባል።

ሦስተኛ፣ ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። የሕክምና ወጪም በአሠሪው ላይ ነው። በጡረታ ዋስትና ወይም በኢንሹራንስ ያልተሸፈነ ሠራተኛ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ መሥራት ካልቻለ፣ ወይም ከሞተ ለጥገኞቹ፣ የአምስት ዓመት ደመወዙ ይታሰባል። በከፊል የተጎዳ በጉዳቱ ደረጃ ልክ ይከፈለዋል።

ድንበሩን ሲሻገሩ ስሌቱ ይለወጣል። በኬንያ በ2007 እንደ አውሮፓውያን የወጣው የሥራ ጉዳት ካሳ ሕግ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ ለተጎዳ ሠራተኛ የ96 ወር ገቢ ይወስናል፤ አሠሪውንም ኢንሹራንስ እንዲገባ ያስገድዳል። የኢትዮጵያው የ60 ወር ነው። ከሞያሌ ወዲህና ወዲያ ሠራተኛ ያላቸው ነጋዴዎች ማን በየትኛው ወገን እንደተቀጠረ በጽሑፍ ይያዙ።

አራተኛው ነጥብ ብዙዎች የማያውቁት ነው። በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ እንስሳው በድንገት ከእጁ ቢያመልጥ እንኳ፣ ኃላፊ ነው። የማሽን ባለቤትም ማሽኑ ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ፣ ኃላፊ ነው። ማለትም በገበያ ውስጥ ከእናንተ ጋር ውል የሌለውን መንገደኛ በሬያችሁ ቢወጋው የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። የፎርክሊፍት ቁልፍ ማሽኑ ላይ ተረስቶ አንድ ወጣት «ልሞክረው» ብሎ ሰው ቢገጭም እንዲሁ።

ክርክር የሚበዛው በጫኝና አውራጅ ጉዳይ ነው። ነጋዴው «የማኅበሩ ሰው ነው» ይላል፤ ማኅበሩ «ያሠራው ነጋዴው ነው» ይላል፤ የተጎዳው ሰው በመሐል ይቀራል። መድኃኒቱ ከጭነቱ በፊት ባለ አንድ ገጽ ውል ነው፦ አሠሪው ማን ነው? ኢንሹራንሱን ማን ይከፍላል? የመጀመሪያውን ቀን ሕክምና ማን ያወጣል? የሥራ ጉዳትን መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ማሳወቅም የአሠሪው ግዴታ ነው።

6. ስሌቱ

ወር በ9,000 ብር የሚሠራ ሠራተኛ በመኖ መጋዘን እግሩ ተሰብሮ አምስት ወር ከሥራ ቀረ እንበል። በዚያ ቀን የተዘጋጁ ሁለት መኪኖች፣ 36 በሬዎች፣ አንድ ቀን ቆሙ።

— የሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ፦ 27,000 ብር።
— የሁለት ወር ደመወዝ በ75 በመቶ፦ 13,500 ብር።
— ሕክምናና መጓጓዣ፦ 60,000 ብር።
— የሁለት መኪኖች የቆሙበት፦ 20,000 ብር።
— የክብደት መቀነስ፦ እያንዳንዱ 350 ኪሎ የሆነ በሬ በተጨማሪው ቀን 2 በመቶ ቢቀንስ 7 ኪሎ፤ በ36 ሲባዛ 252 ኪሎ፤ ኪሎው በ250 ብር 63,000 ብር።

ድምሩ 183,500 ብር ነው። የተተኪውን ሠራተኛ ደመወዝ አልደመርኩም፤ ሥራ ስለሠራበት ተጨማሪ ኪሳራ አይደለም። ከብቱ የቀነሰው ክብደት ከፊሉ ውኃና መኖ ሲያገኝ ይመለሳል፤ ደርሶ ወዲያው በሚዛን የሚሸጥ ነጋዴ ግን ይህን ዕድል አያገኝም።

ከዚህ ሁለት ነገር እናያለን። ለተጎዳው ሰው የተከፈለው ደመወዝ 40,500 ብር፣ ማለትም ከጠቅላላው ወጪ አምስተኛው እጅ ገደማ ነው። ነጋዴው አደጋን በደመወዝ ብቻ ሲለካ ከአምስት አራቱን እጅ አያይም። ሁለተኛው፦ ለታኮ፣ ለመብራት፣ ለቀለም፣ ለኦፕሬተር ሥልጠናና ለጥገና በዓመት 40,000 ብር ቢወጣ፣ እንዲህ ያለ አደጋ በአራት ዓመት ተኩል አንድ ጊዜ ከቀረ ወጪው ተመልሷል። ጉዳቱ ለዘለቄታው ሙሉ በሙሉ የሚያሰናክል ቢሆን ደግሞ ካሳው ብቻ 9,000 × 60 = 540,000 ብር ነው፤ የ13 ዓመት ተኩል የመከላከያ ወጪ ማለት ነው። ለሰውየው ቤተሰብ ግን አምስት ዓመት አልቆ ስድስተኛው ይመጣል፤ ያንን የእኛ ስሌት አያሳይም።

ትልቁ ችግር የጋራ መወጣጫ ነው። የሁሉም የሆነ መወጣጫ የማንም ስላልሆነ ማንም አይጠግነውም። በአንድ የገበያ ቀን 200 ከብት የሚያልፍበት ቦታ ላይ በከብት 5 ብር ቢሰበሰብ በቀን 1,000፣ በዓመት 52 ገበያዎች 52,000 ብር ይሆናል። በሬ ለሚሸጥ ሰው 5 ብር አይሰማም፤ የተሰበረ ጣውላ ግን ይቀየርበታል። ሌላው የክፍያ መንገድ ነው። ጫኝ በመኪና ቁጥር ብቻ ሲከፈለው ለመፍጠን ይገደዳል። መኪና ሲዘገይ የመጠበቂያ፣ ሌሊት ሲሠራ የሌሊት ክፍያ ቢጨመርለት የሚቸኩልበት ምክንያት ይቀንሳል።

7. አደጋ ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ማሽኑ ይጥፋ፤ ከብቱ ከቦታው ይራቅ። ሰው በማሽን ስር ከሆነ ማሽኑ ተደግፎ ሳይጸና አይነሳ፤ ተመልሶ ሊወድቅበት ይችላል። የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ። አንገቱን ወይም ጀርባውን የተመታ ሰው በእጅና በእግሩ ተይዞ በፒክአፕ አይጫን፤ ሰውነቱ ቀጥ እንዳለ በጣውላ ላይ ይደረግ። ሆዱን በበሬ የተመታ ሰው ቁስል ባይታይበትም ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ፊቱ ከገረጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበው፣ ሆዱ ከጠጠረ በውስጡ እየደማ ሊሆን ይችላል። «ውኃ ጠጥቶ ይረፍ» ተብሎ የሚሞት ሰው አለ። የቅርቡ ሆስፒታል ስልክና የሚወስደው መኪና ከጭነቱ በፊት ይታወቅ። በመጨረሻም ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና የምስክሮች ስም በዚያው ዕለት ይጻፍ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ከሚቀጥለው ጭነት በፊት ከሠራተኞቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ መልሷቸው።

1. የምንጠቀምበት ፎርክሊፍት ሰሌዳ በስንት ሴንቲ ሜትር ስንት ኪሎ ይላል? የእኛ ፓሌት ሲሞላ ስንት ይመዝናል?
2. ማሽኑን ለመንዳት የተፈቀደላቸው እነማን ናቸው? ሥራ ሲያልቅ ቁልፉ የት ያድራል?
3. የመወጣጫችን ርዝመትና የመኪናው ወለል ከፍታ ስንት ነው? ዳገቱ ከ20 ዲግሪ ይበልጣል?
4. ዛሬ ከሚጫኑት ሰዎች አሠሪው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ያለው ስንቱ ነው?
5. ባለፈው ዓመት ለጥቂት የተረፍንባቸው አጋጣሚዎች የትኞቹ ናቸው? ከዚያ በኋላ ምን ተለወጠ?

አምስተኛው ጥያቄ ዝም ካሰኛችሁ ከእሱ ጀምሩ። ሰው ሳይጎዳ ያለፈ አጋጣሚ በነጻ የተገኘ ትምህርት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።